ምን እየሰማሽ ነው?

(በማኅበራችን ወርኃዊ ስብሰባ ላይ በአንዲት አባል የቀረበ ንግግር)



ባለፈው ወር ሰብሳቢያችን «በሚቀጥለው ስብሰባ ተናጋሪዋ አንቺ ነሽ» ሲሉኝ ስለ ቁጠባ ወይም ስለ ሂሳብ አያያዝ የምናገር መስሎኝ ነበር። የሂሳብ ሠራተኛ ስለሆንኩ የትም ብሄድ የምጠየቀው እሱን ነው። እሳቸው ግን «የለም፤ ቁጥሩን በየወሩ ከገንዘብ ያዥዋ እንሰማለን፤ አንቺ ራስሽ የምትወጂውን ነገር ንገሪን» አሉኝ። ቤቴ ሄጄ ሳስበው በዚህ ዓመት ከሥራዬና ከቤቴ ቀጥሎ ልቤን የያዘው ነገር ሙዚቃ ሆኖ አገኘሁት። ስለዚህ ዛሬ የማወራችሁ ሰሞኑን ምን እየሰማሁ እንደሆነ፣ መስማቱን እንዴት እንደጀመርኩና ከእናቴ ጋር እንዴት እንደተካፈልኩት ነው። ዘፋኝ አይደለሁም፤ መሣሪያም አልጫወትም። የምናገረው እንደ ሰሚ ነው።

አብዛኞቻችሁ አባቴ ሲያርፍ ቤታችን መጥታችኋል። ወንበሩን፣ ሳህኑን፣ ምግቡን ያሟላው ይህ ማኅበር ነው። ያን ጊዜ ያደረጋችሁልንን እኔም እናቴም አንረሳውም። በሳሎናችን ጥግ፣ መደርደሪያው ላይ ያለውን አሮጌ ቴፕ ግን ልብ ያላችሁት አይመስለኝም። ሬዲዮም ካሴትም ያጫውታል። አባቴ በሕይወት ሳለ ጠዋት ፊቱን ታጥቦ የመጀመሪያ ሥራው እሱን መክፈት ነበር። ባረፈ ዕለት አንዲት ጎረቤታችን ሶኬቱን ነቅለው በላዩ ላይ ዳንቴል ጣሉበት።

ይህ የሁላችንም ወግ ነው። ሐዘን ቤት ሬዲዮ አይከፈትም። ደግ ጎረቤት የራሱንም ድምፅ ይቀንሳል። ወጉን አልነቅፍም፤ እንዲያውም እወደዋለሁ። አንድ ሰፈር ሙሉ ለአንድ ሰው ሲል ዝም ማለቱ ትልቅ ክብር ነው።

አርባው ወጣ፤ ሰማንያው ወጣ፤ ሙት ዓመቱም ደረሰ። እናቴ ጥቁር ልብሷን ለወጠች፤ ጠጉሯን ተሠራች፤ ለቅሶም ሠርግም መሄድ ጀመረች። ዳንቴሉ ግን ከቴፑ ላይ አልተነሣም። ሁለተኛው ዓመትም እንዲሁ አለፈ። ጥቁር ልብስ የሚወልቅበት ቀን አለው፤ ሬዲዮ የሚከፈትበት ቀን ግን በወጋችን የለም። ማን እንደሚከፍተውም አልተነገረንም። እናቴ አልከፈተችም፤ እኔም አልደፈርኩም። ቤታችን የሁለት ሴቶች ዝምተኛ ቤት ሆነ። ሰው ሲመጣ እናወራለን፤ ሰው ሲሄድ የማንኪያና የሰዓት ድምፅ ብቻ ይቀራል።

ሰኔ ለሂሳብ ሠራተኛ ምን ማለት እንደሆነ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። በጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ይዘጋል። ያልተወራረደ ቅድመ ክፍያ፣ የጠፋ ደረሰኝ፣ ከባንክ ጋር ያልተመሳከረ ሂሳብ ሁሉ በዚያ ወር ይጠየቃል። ባለፈው ሰኔ ሥራ ወደ ቤት እየወሰድኩ እስከ ሌሊቱ ስድስትና ሰባት ሰዓት እቀመጥ ነበር። አንድ ቀን የቢሮ ባልደረባዬ ድካሜን አይታ «ይህን እየሰማሽ ሥሪ፤ ቃል ስለሌለው ሐሳብ አይሰርቅም» ብላ በቴሌግራም አንድ ሙዚቃ ላከችልኝ። የእማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ፒያኖ ነበር።

ስማቸውን ከዚያ በፊት ሰምቼው ነበር፤ ሙዚቃቸውን ግን ቁጭ ብዬ አድምጬው አላውቅም። በዚያ ሌሊት የጆሮ ማዳመጫዬን አድርጌ ከፈትኩት። ብቻውን የሚናገር ፒያኖ ነው። ከበሮ የለም፤ ዘፋኝ የለም። ጣቶቹ እንደ ውኃ ይወርዱና ድንገት ቆም ይላሉ፤ አንድ ነገር ትዝ እንዳለው ሰው። ከዚያ ያቋረጡትን ይቀጥላሉ። ለጭፈራ የሚሆን ምት የለውም። መሣሪያው የፈረንጅ ነው፤ መንገዱ ግን የእኛ ነው። ባልደረባዬ ሐሳብ አይሰርቅም ብላኝ ነበር፤ እኔ ግን ደረሰኙን በእጄ እንደያዝኩ ለረጅም ጊዜ አንድ ቁጥር እንኳ ሳልጽፍ ቀረሁ።

ከዚያ በኋላ ስለ ሕይወታቸው ፈልጌ አነበብኩ። በአጭሩ ልንገራችሁ፤ ለእኛ ለሴቶች የሚሆን ትምህርት አለው።

እማሆይ የተወለዱት በ1916 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ነው። የመጀመሪያ ስማቸው የውብዳር ይባል ነበር። አባታቸው ከንቲባ ገብሩ ደስታ ናቸው። በስድስት ዓመታቸው ከእህታቸው ጋር ወደ ስዊዘርላንድ ተልከው በአዳሪ ትምህርት ቤት ተማሩ፤ ቫዮሊንና ፒያኖን ያወቁት እዚያ ነው። አገራቸው ከተመለሱ በኋላ ጣሊያን ወረረን። ከቤተሰባቸው ጋር ተግዘው አዚናራ ወደምትባል የጣሊያን ደሴት ተወሰዱ። ነፃነት ሲመለስ ወደ ካይሮ ሄደው ሙዚቃ አጠኑ። ከዚያ በኋላ ለንደን ሄደው ትምህርታቸውን የሚቀጥሉበት ዕድል አግኝተው ነበር፤ ሳይፈቀድላቸው ቀረ።

እዚህ ላይ ቆም በሉልኝ። አንዲት ወጣት ሴት ነፍሷ የወደደችው ነገር ደጃፍ ደርሳ በሩ ተዘጋባት። እሳቸው ያን ጊዜ እህልም ውኃም አስጠልቷቸው እስከ መታመም ደረሱ። በመጨረሻ ወደ ግሸን ማርያም ሄደው በ21 ዓመታቸው መነኮሱ። ለዓመታት በባዶ እግራቸው እየሄዱ ፒያኖ በሌለበት ተራራ ኖሩ። ሙዚቃው ግን አልሞተም። በኋላ ጎንደር ሳሉ የቅዱስ ያሬድን ዜማ አጠኑ፤ በዚያም የቤተ ክህነት ተማሪዎች መጠለያ አጥተው ደጅ ሲያድሩ አዩ። እነዚያን ልጆች የምረዳበት ገንዘብ የለኝም፤ ያለኝ ሙዚቃ ነው ብለው አሰቡ። በፈረንጆቹ 1967 የመጀመሪያው ሸክላቸው ጀርመን አገር ሲታተም ገቢው ለችግረኞች መርጃ ነበር። ከ1984 ጀምሮ በኢየሩሳሌም በኢትዮጵያ ገዳም ኖሩ። በ2006፣ እሳቸው ከሰማንያ ዓመት በላይ ሆኗቸው ሳለ፣ ኢትዮፒክስ በተባለው ተከታታይ 21ኛ አልበም ሥራቸው ወጥቶ ዓለም አወቃቸው። በመጋቢት 2015 ዓ.ም. በ99 ዓመታቸው በኢየሩሳሌም አረፉ።

እኛ በመረዳጃ ማኅበር የተሰባሰብን ሴቶች ነን። እማሆይ ያላቸውን ቆጥረው ሲያዩ የተገኘው አንድ ፒያኖ መጫወት ነበር፤ እሱን አዋጡ። ስለዚህ መዋጮ ሲባል ብር ብቻ አይታየኝም።

ወደ ቤቴ ልመለስ። በዚያ ሰኔ በየሌሊቱ እማሆይን እሰማለሁ፤ እናቴ በአጠገቤ ፈትሏን ትፈትላለች ወይም ጸሎቷን ታደርሳለች። ማዳመጫው ጆሮዬ ላይ ስለሆነ ለእሷ ምንም አይሰማትም። አንድ ቀን ግን ደስ ብሎኝ ስሰማ ቀና ብዬ አየኋት። ፆመኛ አጠገብ ቁጭ ብሎ እንደ መብላት ሆኖ ተሰማኝ። እሷም አየችኝና «ምንድን ነው የምትሰሚው?» አለችኝ።

«የሥራ ነገር ነው» አልኳት።

ዋሸሁ። ለምን እንደዋሸሁ እስካሁን በደንብ አላውቅም። ምናልባት «አባትሽ ካረፈ ጀምሮ ሙዚቃ ያምርሻል?» የምትለኝ መስሎኝ ይሆናል። እሷ «እሺ» ብላ ወደ ፈትሏ ተመለሰች። እኔ ግን እንቅልፍ አልወሰደኝም። የሰው ሂሳብ አንድ ብር ሲጎድልበት ሌሊቱን ሙሉ የምፈልግ ሴት እናቴን በአንድ ቃል ዋሽቼ ተኛሁ።

ከሦስት ቀን በኋላ፣ ቅዳሜ ማታ ነው፣ ማዳመጫውን ይዤ አጠገቧ ተቀመጥኩ። «እማዬ፣ ያን ዕለት የሥራ ነገር ነው ያልኩሽ ውሸቴን ነው። ሙዚቃ ነበር። አሰማሽ?» አልኳት። ዝም አለች። ከዚያ ነጠላዋን ከጆሮዋ ፈቀቅ አደረገች። አንዱን ጫፍ ለእሷ፣ አንዱን ለእኔ አድርጌ ከፈትኩት። ገመዱ አጭር ስለሆነ ጭንቅላታችን ሊነካካ ደረሰ። ከልጅነቴ ወዲህ እንዲህ ተጠጋግተን የተቀመጥንበትን ጊዜ አላስታውስም።

ጥቂት ሰምታ «ይህ ዘፈን ነው መዝሙር?» አለችኝ።

«ፒያኖ ነው። የሚጫወቱት እማሆይ ናቸው፤ መነኩሲት ናቸው» አልኳት።

«እማሆይ ከሆኑማ» ብላ ዓይኗን ጨፈነች። የሰማነው በትርጉም «የእናት ፍቅር» የሚል ስም ያለውን ነው። ሲያልቅ «ድገሚው» አለችኝ። ደገምኩት። ከዚያ በኋላ የተናገረችው ነገር ነው ዛሬ እዚህ ያቆመኝ።

ለካ ቴፑን ያልከፈተችው ወጉ ይዟት አልነበረም። አባቴና እሷ ሳይጋቡ በፊት፣ አባቴ ለሬዲዮ የዘፈን ምርጫ ደብዳቤ ጽፎ አንድ የብዙነሽ በቀለን ዘፈን በስሟ መርጦላት ነበር። እነ እናቴ ቤት ያን ጊዜ ሬዲዮ አልነበረም። ጎረቤት ቡና እየጠጡ ሳለ ስሟ በሬዲዮ ተጠራ፤ አያቴም እዚያው ነበሩ። እፍረቱና ደስታው እንዴት እንደነበር ስትነግረኝ ፊቷ የሃያ ዓመት ልጅ ፊት ሆነ። «አሁን ሬዲዮውን ብከፍተው ያ ዘፈን ድንገት ቢመጣብኝስ? ሬዲዮ እኮ ቻይው አትችይው ብሎ አይጠይቅም፤ ድንገት ነው የሚያወጣው» አለችኝ።

ሁለት ዓመት ሙሉ እኔ ሐዘኗን እያከበርኩ መስሎኝ ነበር። እሷ ደግሞ ፈርታ ነበር። እኔ ስላልጠየቅኳት ብቻዋን ፈራች።

ከዚያ ወዲህ እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ቡና ይፈላል፤ «እስኪ እማሆይን አምጪያቸው» ትለኛለች። አሁን በማዳመጫ አይደለም፤ ስልኩን ረከቦቱ አጠገብ አስቀምጠን ነው የምንሰማው። አንድ እሑድ ራሷ «አስናቀች ትገኛለች?» አለችኝ። አስናቀች ወርቁን ማለቷ ነው። እኔ አስናቀችን የማውቃት በስም ብቻ ነበር። በእናቴ ጥያቄ ፈልጌ ሰማኋት፤ አሁን በስልኬ ውስጥ ከእማሆይ ቀጥሎ ብዙ የምሰማው እሷን ነው። ሴቶች ወደ ቲያትር መድረክ ለመውጣት በማይደፍሩበት ዘመን ከወጡት ቀደምት ተዋንያን አንዷ ናት። ክራሯን ይዛ ብቻዋን ስትጫወት ድምፅዋ ያወራል፤ ይቀልዳል፤ ይወቅሳል፤ ወዲያው ደግሞ ያዝናል። ሰው ሲነቅፋት እንደኖረና እሷም እንዳልተሸነፈች ከድምፅዋ ይሰማል። እናቴ «በእኛ ጊዜ አዝማሪ እያሉ ይንቋት ነበር፤ ማታ ማታ ግን ሁሉም ይሰማታል» ብላ ሳቀች።

ሁለቱን ሴቶች አንድ ላይ ስሰማ አንድ ነገር ተማርኩ። አንዷ መነኩሲት፣ አንዷ የመድረክ ሰው፤ አንዷ በፒያኖ፣ አንዷ በክራር። ግን የሚራመዱበት መሬት አንድ ነው። ሙዚቃችን ቅኝት የምንላቸው አራት ዋና ዋና መሠረቶች አሉት፦ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ። እያንዳንዱ በአምስት ድምፆች የተሠራ ነው። ባቲና አምባሰል የወሎ አገር ስሞች ናቸው፤ እማሆይ የመነኮሱባት ግሸንም ያለችው እዚያው አምባሰል ውስጥ ነው። ሐዘንና ናፍቆት ሲሆን ብዙ ጊዜ የሚመጣው ትዝታ ነው። እነዚህን አምስት ድምፆች ከልጅነታችን ጀምሮ ስለሰማናቸው ሳንማር እናውቃቸዋለን። እናቴ ስለ ፒያኖ አንድም ነገር ሳታውቅ እማሆይን የገባቻቸው በዚህ ይመስለኛል።

አሁን ከቤቴ ውጪ ስላጋጠመኝ ነገር ልንገራችሁ። እኛ ስንገናኝ ምን እንባባላለን? «ደህና ነሽ?» «እግዚአብሔር ይመስገን።» «ልጆች ደህና ናቸው?» «እግዚአብሔር ይመስገን።» ደግ ሰላምታ ነው፤ ፈጣሪን ማመስገንም ይገባል። ነገር ግን ስንቶቻችን ነን ልባችን እየነደደ «ይመስገን» ብለን ያለፍን? ሰላምታችን አንዳንዴ በር ይዘጋል። እኔ ከእናቴ ጋር ካሳለፍኩት በኋላ ሌላ ጥያቄ መጠየቅ ጀመርኩ፦ «ሰሞኑን ምን እየሰማሽ ነው?»

መሥሪያ ቤታችን የዕቃ ግምጃ ቤት ሠራተኛ የሆነች አንዲት ሙስሊም እህት አለች። ለአራት ዓመት የተነጋገርነው ስለ ገቢና ወጪ ዕቃ ሰነድ ብቻ ነው። አንድ ቀን ምሳ ሰዓት ላይ ማዳመጫ አድርጋ አየኋትና ጠየቅኳት። መጀመሪያ አፈረች፤ ከዚያ «መንዙማ ነው» አለችኝ። አሰማችኝ። ነቢዩን የሚያወድስ የወሎ መንዙማ ነው፤ አብዛኛው በአማርኛ ስለሆነ ገባኝ። አንዱ ያወጣል፣ ብዙ ሰው ይቀበላል፤ ድቤው ከሥር ይመታል። «ለምን በዚህ ሰሞን?» አልኳት። እናቷ ደሴ ሆስፒታል ተኝተው እንደነበርና መንዙማው እሳቸው የሚወዱት እንደሆነ ነገረችኝ። ለካ ጠዋት ጠዋት ሰነድ ሳስፈርማት «ደህና ነሽ?» ስላት «አልሐምዱሊላህ» ትለኝ የነበረው ያን ሁሉ ተሸክማ ነው። በዚያ ሳምንት ከባልደረቦቻችን ጋር ሆነን የአቅማችንን አዋጥተን ለመሳፈሪያ ሰጠናት። አንድ ጥያቄ ያንን አመጣ።

እዚህ ያላችሁ አንዳንዶቻችሁ «መዝሙር እያለ ለምን ዘፈን?» እንደምትሉ አውቃለሁ። አንዲት የምወዳቸው እናት ፊት ለፊት ብለውኛል። አከብራቸዋለሁ። እኔም በዐቢይ ጾም ዘፈን አልሰማም፤ ያን ጊዜ የበገና መዝሙር ነው የምሰማው። በገና አሥር አውታር አለው፤ አውታሮቹ ሥር እንዝራ የሚባል ቁራጭ ቆዳ ይደረጋል፤ ያ ርግብግብ የሚል ድምፅ የሚመጣው ከእሱ ነው። እያንዳንዷ እንደ እምነቷና እንደ ልቧ ትስማ። ዛሬ የምለው ይህን ስሙ፣ ያን ተዉ አይደለም። የምለው፣ ብቻችንን አንስማ ነው። መዝሙርም ይሁን መንዙማ፣ ትዝታም ይሁን የልጆቻችን የአሁኑ ዘፈን፣ ማን ምን እንደሚያጽናናት እንወቅ።

ስለ ልጆቻችን ካነሣሁ፣ «የዘንድሮ ዘፈን ጩኸት ነው» ማለት ቀላል ነው። ልጃችሁ ማዳመጫ አድርጎ ሲቀመጥ «አውልቀው!» ከማለት በፊት አንድ ቀን «እስኪ አንዱን ጫፍ ስጠኝ» በሉት። ባይጥማችሁም እስከ መጨረሻው ስሙለት። እናቴ አንዱን ጫፍ ባትቀበለኝ ኖሮ እኔ ዛሬም «የሥራ ነገር ነው» እያልኩ ነበር።

እንደ ሂሳብ ሠራተኛም አንድ ነገር ልበል፤ አለበለዚያ ሙያዬ ይታዘበኛል። ማካፈል ማለት የባለሙያውን እንጀራ መቁረጥ መሆን የለበትም። አገራችን የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 አላት። ድሮ ካሴት እየገለበጡ በመሸጥ፣ አሁን ደግሞ በፍላሽ እየሞሉ በመቸርቸር ስንት ዘፋኝ ሥራው በየቤቱ እየተሰማ ኪሱ ባዶ ቀርቷል። አብሮ ቁጭ ብሎ መስማት ሌላ ነው፤ ቀድቶ መሸጥ ሌላ ነው። የወደድነውን ስንችል ከባለቤቱ እንግዛ።

አሁን ለማኅበራችን ያሰብኩትን ሐሳብ ላቅርብና ልጨርስ።

እኛ ሐዘን ሲደርስ እንበረታለን። በመጀመሪያው ቀን እንደርሳለን፤ ሦስቱን ቀን እንቀመጣለን፤ ለአርባው እንሰበሰባለን። ይህን የሚያህል ነገር የለም። ከዚያ በኋላ ግን እያንዳንዳችን ወደ ኑሯችን እንመለሳለን። ያዘነችው ደግሞ በዳንቴል ከተሸፈነው ሬዲዮዋ ጋር ትቀራለች። የመጀመሪያው ሐሳቤ፣ ከሙት ዓመት በኋላ ሁለት ሁለት ሆነን አንድ ቀን ቡና ይዘን እንድንሄድ ነው። ሬዲዮዋን እንክፈትላት ማለቴ አይደለም። እንጠይቃት፦ ምን መስማት ትፈልጊያለሽ? ምን መስማት ትፈሪያለሽ? ካልፈለገች ቡናችንን ጠጥተን እንመለሳለን።

ሁለተኛው ሐሳቤ፣ በየወሩ ስብሰባችን መጨረሻ ላይ አንዲት አባል ሰሞኑን የምትሰማውን አንድ ነገር ይዛ ትምጣ። ዐሥር ደቂቃ ይበቃል። ለምን እንደወደደችው በሁለት ቃል ትንገረን፤ ከዚያ አብረን እንስማ። ሦስት ነገር ብቻ እንስማማ። አንደኛ፣ የማንም ምርጫ አይሳቅበትም። ሁለተኛ፣ መዝሙሩም መንዙማውም ዘፈኑም እኩል ተራ ይኑረው፤ እምነቷ የማይፈቅድላት እህት ደግሞ ለዚያች ዐሥር ደቂቃ ወጣ ብትል ማንም ቅር አይበለው። ሦስተኛ፣ በመካከላችን ሐዘን ላይ ያለች ካለች ቀድመን እሷን እንጠይቅ።

እናቴ ይህን ንግግር እንድናገር ፈቅዳልኛለች። አንድ ነገር ብቻ ለምናኛለች፤ የዚያን የብዙነሽን ዘፈን ርዕስ እንዳልናገር። ለእሷና ለአባቴ ይቆይ ብላለች፤ ይቆያል። ዘፈኑን ፈልጌ አግኝቼዋለሁ፤ በስልኬ ውስጥ አለ። እሷም እንዳለ ታውቃለች። እስካሁን አብረን አልሰማነውም። ዳንቴሉም ገና ከቴፑ ላይ አልተነሣም። ባለፈው እሑድ ግን ቡናው ሦስተኛ ላይ ሲደርስ ስልኬን አየት አደረገችና «ያ ነገር አለ አይደል?» አለችኝ። «አለ፣ እማዬ» አልኳት። «ይኑር» አለችኝ። የምከፍተው እሷ «ክፈቺው» ያለችኝ ቀን ነው።

እስከዚያው ግን የመጀመሪያዋ ተራ የእኔ ትሁንና፣ ቅር የሚላት ከሌለች፣ እማሆይን ላሰማችሁ። ጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ አጠገባችሁ ያለችውን እህት ዞር ብላችሁ ጠይቋት፦ ምን እየሰማሽ ነው?